ሴንሰር ከመግዛት በፊት፦ ምን ያሳስተዋል?

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ ወደ ዳር በሰፋችበት ሁሉ ግቢዎቹ ይመሳሰላሉ። የቆርቆሮ አጥር፣ የብረት በር፣ ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ አንድ ውሻ፣ የመንገድ መብራት ገና ያልደረሰበት ኮረኮንች። አርዱዊኖ የምትባለዋን ፕሮግራም የሚጻፍላት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነካክቶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ሲኖር መጀመሪያ የሚያምረው ሁለት ነገር ነው፦ ሲመሽ ሰው ሲመጣ በራሱ የሚበራ የበር መብራት፣ እና ሮቶው ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ የሚናገር መሣሪያ። ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ በግማሽ ቀን ይሠራሉ። ጣጣው የሚመጣው ከጠረጴዛ ተነስተው አጥርና ማማ ላይ ሲሰቀሉ ነው።

ምክንያቱም ሴንሰር እኛ የምንፈልገውን ነገር አይለካም። «መሸ» የሚል ሴንሰር የለም፤ ያለው ብርሃን ሲቀንስ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ) የሚጨምር ነው። «ሰው መጣ» የሚልም የለም፤ ያለው ፊቱ ላይ ሙቀት ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ሲዛወር የሚነቃ ነው። «ውኃ አለቀ» የሚልም የለም፤ ያለው የላከው ድምፅ ስንት ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ እንደተመለሰ የሚናገር ነው። በሚለካውና በምንፈልገው መካከል ክፍተት አለ፤ እዚያ ክፍተት ውስጥ የትኩስ ቆርቆሮ፣ የፀሐይ፣ የውሻ፣ የዝናብና የመብራት መቆራረጥ ጣጣ ይገባል። ስለዚህ ሴንሰር ሳማርጥ «ምን ያህል ሩቅ ያያል» ከሚለው በፊት «ምን ያሳስተዋል» የሚለውን ነው የምጠይቀው። ሻጩ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከርካሹ እንጀምር። ኤልዲአር፣ የብርሃን ሴንሰሩ፣ ፊቱ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ያለው ባለ ሁለት እግር ክብ ቁራጭ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ጂኤል5528 የሚባለው ነው። በ10 ሉክስ ብርሃን (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ በድቅድቅ ጨለማ ወደ 1 ሜጋ ኦም ይወጣል፤ ጠራራ ላይ ወደ ጥቂት መቶ ኦም ይወርዳል። አንዱ እግር ከ5 ቮልት፣ ሌላው እግር ከአናሎግ ፒን ጋር ይገናኛል፤ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ (ወደ ኔጋቲቩ) አንድ ሬዚስተር ይወርዳል። አርዱዊኖ ኡኖ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጨለመ ማለት ነው።

ሁሉም መማሪያ ያቺን ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም አድርጉ ይላል። ለቤት ውስጥ ብርሃን ያስኬዳል፤ ለምሽት ግን አይመችም። በ1 ሉክስ አካባቢ፣ ማለትም የሰው መልክ መለየት ሲያስቸግር፣ ኤልዲአሩ ወደ 75 ኪሎ ኦም ይጠጋል። ከ10 ኪሎ ጋር ከሆነ ንባቡ 120 ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ሙሉ ጨለማ ያለው ሁሉ በጣም ጠባብ ቦታ ውስጥ ይታጨቃል፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጫጫታም ያናውጠዋል። በ47 ኪሎ ብትተኩት ግን በዚያው ብርሃን ንባቡ 390 አካባቢ ይሆናል፤ በ10 ሉክስ ደግሞ 770 ገደማ። መንገዱ ቀላል ነው፦ ማታ፣ መብራት ማብራት በሚያሰኛችሁ ሰዓት፣ ኤልዲአሩን በሚሰቀልበት ቦታ ይዛችሁ በቴስተር ሬዚስታንሱን ለኩ። ለዚያ ቁጥር የሚቀርበውን ሬዚስተር ግዙ። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ኤልዲአሮች እንኳ በእጥፍ ሊለያዩ ስለሚችሉ የጎረቤትን ቁጥር መቅዳት ዋጋ የለውም።

የኤልዲአር ትክክለኛነት ዝቅተኛ ነው ብሎ የሚንቀው ብዙ ነው። ለእኛ ምሽት ግን ይበቃል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ እዚህ ምሽት አይንዛዛም፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይጨልማል። በዚያች አጭር ጊዜ ብርሃኑ በየሦስት ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሴንሰሩ በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ መብራቱ የሚዘገየው ወይም የሚቀድመው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማንም አያስተውለውም።

እንዲያውም አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፦ የብርሃን ሴንሰር ለምን አስፈለገ? አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዲኤስ3231 የምትባል የሰዓት ሞጁል ባለ ሳንቲም ባትሪ ይዛ፣ መብራት ቢሄድም ሰዓቷን ሳትረሳ፣ ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ አቧራ አይሸፍናት፣ የመኪና መብራት አያሳስታት። ለበረንዳ መብራት ብቻ ከሆነ ሰዓት ይሻላል ባይ ነኝ። ኤልዲአር የሚበልጠው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ በ10 ሰዓት ቤት ሲጨልም ነው፤ ያኔ ሰዓት ምንም አያውቅም።

የውጭ አገር መማሪያዎች «የብርሃን ሴንሰሩን ወደ ሰሜን አዙሩ፣ ፀሐይ በቀጥታ አትመታውም» ይላሉ። ይህ ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ቀሪውን የዓመቱን ክፍል በደቡብ። ስለዚህ አቅጣጫ አያድንም፤ የሚያድነው ማደብዘዣ ነው። ወተት የመሰለ ነጭ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ወይም የነጭ ፕላስቲክ ቁራጭ ፊቱ ላይ ብትለጥፉ ብርሃን ከሁሉም በኩል ተደባልቆ ይገባል፣ ጥላም ሲያልፍበት አይንቀጠቀጥም። ግልጽ የሃይላንድ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ያሳልፋል እንጂ አያደበዝዝም።

ኤልዲአር አንድ ያልተዘመረለት ጥቅም አለው። የሚመገበውም፣ አርዱዊኖው የሚያወዳድርበትም ያው 5 ቮልት ነው። የስልክ ቻርጀሩ ደካማ ሆኖ ወደ 4.6 ቮልት ቢወርድ ሁለቱም አብረው ስለሚወርዱ ንባቡ አይለወጥም። የዳሩ መንደር መስመር እንደሚታወቀው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የራሱን ቋሚ ቮልቴጅ የሚያወጣ አናሎግ ሴንሰር በዚህ ይዛባል፣ ኤልዲአር ግን አይነካውም።

ቁጥሩ በሉክስ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ችግኝ ቤት ወይም የሶላር ፓነል ቦታ ለመምረጥ፣ ኤልዲአርን ተዉት፤ ቢኤች1750 የሚባለውን የብርሃን ሴንሰር ውሰዱ። አይ ስኩዌር ሲ በሚባለው የመረጃ መላኪያ መንገድ በሁለት ሽቦ ይገናኛል፣ ሉክሱን ራሱ ይናገራል። ግን እሱም ወሰን አለው፦ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ከ54,000 ሉክስ በላይ ይሞላል፣ ቁጥሩ አንድ ቦታ ተገትሮ ይቀራል። ጥርት ባለ የጥቅምት ቀትር እዚህ ከ100,000 ሉክስ በላይ ይሆናል። የመለኪያ ጊዜውን የሚወስነውን ሬጂስተር (ሴንሰሩ ውስጥ ያለ የቁጥር ማስቀመጫ) ከ69 ወደ 31 ብታወርዱት ጣሪያው ወደ 121,000 ይወጣል፤ ብዙዎቹ ላይብረሪዎች (ተጽፈው ያለቁ የፕሮግራም ቁራጮች) ለዚህ አንድ መስመር ትእዛዝ አላቸው። የአይ ስኩዌር ሲ ሽቦ ደግሞ ከአንድ ሜትር ብዙ አይርዘም፤ ከጣሪያ እስከ ሳሎን መጎተት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። መብራቱ ሲመሽ ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ። ሴንሰሩ የራሱን መብራት አይቶ «ነጋ» እያለ ነው። መድኃኒቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ብታደርጉ ነው የሚበጀው። አንደኛ፣ ኤልዲአሩ ከአምፖሉ በላይና በስተጀርባ ይሁን፤ በጥቁር ላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ ከተታችሁ ወደ ሰማይ ብቻ እንዲያይ አድርጉት። ነጭ ግድግዳና አዲስ ቆርቆሮ ብርሃኑን መልሰው እንደሚያመጡበት አትርሱ። ሁለተኛ፣ የማብሪያና የማጥፊያ ቁጥሩን ለያዩት፦ ከ300 ሲወርድ አብራ፣ ከ500 ሲያልፍ አጥፋ። መብራታችሁ ሲበራ ንባቡ ከ300 ወደ 380 የሚዘል ከሆነ ማጥፊያው ከ380 በደንብ መራቅ አለበት፤ ይህንን አብርታችሁ አጥፍታችሁ ለኩት፣ በግምት አትተዉት። ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡት። ንባቡ 30 ሰከንድ ሳይቋረጥ ከማብሪያው ወሰን በታች ካልቆየ አታብሩ፣ ያንኑ ያህል ከማጥፊያው ወሰን በላይ ካልቆየም አታጥፉ። የክረምት መብረቅና የሚያልፍ ባጃጅ መብራት በዚህ ይወገዳሉ።

ሌላ ጥቃቅን ነገር፦ በመስመር የሚበራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ባያየውም ሴንሰሩ ያየዋል። አንዴ ብቻ የምታነቡ ከሆነ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ታገኙታላችሁ። በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 20 ንባብ ወስዳችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ መርገብገቡ ተጣፍቶ ይወጣል።

ሰውን ስለሚያየው

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ኤችሲ-ኤስአር501ን ይገዛል፤ ነጭ ጉልላት ያለውን የእንቅስቃሴ ሴንሰር። ሥሩ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሙቀት ቁራጮች አሉ፤ ጉልላቱ ደግሞ ከፊት ያለውን ቦታ በብዙ ጠባብ ቀጠና ይሸነሽነዋል። የሚነቃው ሙቅ ነገር ከቀጠና ወደ ቀጠና ሲሻገር ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣን ሰው ዘግይቶ ያየዋል፤ በፊቱ የሚያቋርጠውን ግን ወዲያው። ስለዚህ በሩ ራስ ላይ ወደ መንገዱ አፍጥጦ መስቀል የተለመደ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው አቀማመጥ ነው። ከበሩ ጎን፣ ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሚገባው ሰው ከግራ ወደ ቀኝ እንዲያቋርጠው አድርጉ።

ሦስት እግር አለው፤ ስማቸው የተጻፈው ጉልላቱ ሥር ስለሆነ ጉልላቱን ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ እዩ እንጂ በግምት አታገናኙ። ከ4.5 እስከ 20 ቮልት ይበላል፤ የሚያወጣው ምልክት 3.3 ቮልት ስለሆነ በ3.3 ቮልት የሚሠራው ባለ ዋይፋይ ሰሌዳ ኢኤስፒ32 ላይ ያለ ምንም የቮልቴጅ ማውረጃ ይገባል። ሁለቱ ብርቱካናማ ማዞሪያዎች አንዱ ስሜቱን፣ ከ3 እስከ 7 ሜትር፣ ሌላው በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ፣ ይወስናሉ። ስትፈትሹ ጊዜውን ወደ ዝቅተኛው አዙሩት፤ ካልሆነ «ተበላሽቷል» ብላችሁ የምትጥሉት ገና የፊተኛውን እንቅስቃሴ ሳይጨርስ ነው። ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ምክንያት ያበራል፤ ፕሮግራሙ ያችን ደቂቃ እንዳላየ ይለፋት።

የሚያሳስተው ብዙ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ያጋለችው ቆርቆሮ ደመና ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይግላል፤ ይህ ለሴንሰሩ እንቅስቃሴ ነው። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው ፊት እየተወዛወዘ ከኋላው ያለውን ሙቀት ሲከልልና ሲገልጥ ያው ነው። ማታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሁሉ ነገር ስለሚቀዘቅዝ ሙቅ አካል ደምቆ ይታያል። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ሰውን ለመለየት የሚቸገረው ሴንሰር እዚህ ድመቷን ሁሉ ያስመዘግባል። ውሻ፣ ድመት፣ ሌሊት አጥር ሥር የሚያልፍ ጅብ፣ ለሱ አንድ ናቸው። የጉልላቱን የታችኛውን ግማሽ በጥቁር ናስትሮ ብትሸፍኑት ወደ መሬት የሚያዩት ቀጠናዎች ይታወራሉ፤ ከወገብ በላይ ያለው ብቻ ይቀራል። ለአብዛኛው ግቢ ይህ ማዞሪያውን ከመነካካት ይበልጣል።

ከዝናብ ለመከላከል መስታወት የሚጋርዱበት አሉ። ሴንሰሩ ይታወራል፦ የሰው ሙቀት የሚጓዝበትን ጨረር ተራ መስታወት አያሳልፍም፣ እኛ በመስታወቱ ብናይ እንኳ። ቀጭን ግልጽ ፌስታል ግን ያሳልፋል፤ ጉልላቱ ራሱ የተሠራው ከዚያው ዘር ፕላስቲክ ነው። ፌስታሉን ግን ወጥራችሁ እሰሩት፤ ነፋስ ካርገበገበው ሌላ ጣጣ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ከላዩ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ጥላ አጥፎ መስቀል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የኤችሲ-ኤስአር501 ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ባዶ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በአንዳንዱ ላይ «አርኤል»፣ በአንዳንዱ ላይ «ሲዲኤስ» የሚል ይጻፍባቸዋል። እዚያ ኤልዲአር በስታኞ ብትበይዱ ቀን ላይ ሴንሰሩ ዝም ይላል። አርዱዊኖ አያስፈልግም፣ ፕሮግራምም አያስፈልግም። ለበር መብራት ብቻ ከሆነ ይኸው ይበቃል፤ አርዱዊኖ መጨመር የሚበላሽ ነገር መጨመር ነው።

መብራቱን 12 ቮልት ኤልኢዲ ብታደርጉት እመርጣለሁ። 220 ቮልት ከአጥር ቆርቆሮ ጋር አያጫውትም፤ 12 ቮልት ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነች የአሲድ ባትሪ ግማሿን ብቻ ብትጠቀሙ 42 ዋት ሰዓት አላት፤ 5 ዋት መብራት ሳይቋረጥ 8 ሰዓት ታበራለች፤ ሰው ሲመጣ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሌሊት አልፋ ትሄዳለች። ሴንሰሩም ከዚያችው ባትሪ በቀጥታ ይመገባል። ማብሪያው ሞስፌት ነው፣ በትንሽ ምልክት ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ባለ ሦስት እግር ዕቃ፤ እዚህ ላይ ሱቅ ውስጥ የሚሆን ስህተት አለ። አይአርኤፍዜድ44ኤን እና አይአርኤልዜድ44ኤን በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ የመጀመሪያው በደንብ ለመከፈት 10 ቮልት ይፈልጋል፣ በ3.3 ቮልት ጭራሽ ላይከፈት ወይም ግማሽ ተከፍቶ ሊግል ይችላል። መካከለኛዋ ፊደል «ኤል» መሆኗን አይታችሁ ግዙ፤ በ3.3 ቮልት ለትንሽ መብራት ያስኬዳል። ከሴንሰሩ ወደ ሞስፌቱ ጌት (ምልክት ተቀባይ) እግር 220 ኦም፣ ከጌቱ እግር ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም። ሁለተኛዋ ከሌለች ሽቦው ሲላላ መብራቱ እንደፈለገው ይሆናል።

መብራቱ ጠፍቶ ወዲያው ያለ ሰው የሚበራ ከሆነ ሰው አትፈልጉ። መብራቱ ሲጠፋ ቮልቴጁ ላይ የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ ሴንሰሩን መልሶ ያነቃዋል። ሴንሰሩ እግር ላይ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በይዱ፤ አርዱዊኖ ካለ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ያሉትን 3 ሰከንድ አታዳምጡ። ዋይፋይ ያለው ሰሌዳ ከሴንሰሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ተጠጋግቶ ሲቀመጥም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ ግማሽ ሜትር ያህል አራርቋቸው።

ሮቶው

ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ምን ያህል እንደያዘ ማወቅ ቅንጦት አይደለም። ኤችሲ-ኤስአር04 ለዚህ የሚታወቀው ነው፤ ሁለት ክብ ዓይን የመሰሉ ያሉት። 10 ማይክሮ ሰከንድ ምልክት ስትሰጡት 8 ጊዜ የሚርገበገብ የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በኢኮ እግር ይነግራችኋል። ማይክሮ ሰከንዱን ለ58 ስታካፍሉት ርቀቱ በሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ይላሉ፤ ለሮቶ ይተርፋል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስለሳሳ፣ ቁጥሩ መታረም አለበት» የሚል ወግ አለ። እውነት የአየር ግፊታችን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የድምፅ ፍጥነትን ግን ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚወስነው። በ10 ዲግሪ በሰከንድ 337 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ገደማ። በቀን ሙቀት ያስተካከላችሁት መሣሪያ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሌሊት 154 ይለዋል። የሙቀት ሴንሰር ጨምሮ ማረም ይቻላል፣ ቀመሩም ቀላል ነው፦ 331.3 ሲደመር የሙቀቱ ዲግሪ በ0.606 ሲባዛ። ግን ለሮቶ 4 ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል? ተዉት።

እውነተኛው ጠላት እርጥበት ነው። የሮቶ ክዳን ውስጡ ሁልጊዜ ያልበዋል፤ የኤችሲ-ኤስአር04 ዓይኖች ክፍት ስለሆኑ ይዝጋሉ፣ ንባቡም ቀስ በቀስ ይቃዣል። ውኃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ሰሌዳው ከውጭ፣ ዓይኑ ብቻ በረጅም ሽቦ ውስጥ ነው፤ ሽቦ አያያዙ ያው ነው። ዕዳው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር በታች አለማየቱ ነው። ሮቶው ሞልቶ ውኃው ከዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ የማይረባ ቁጥር ይሰጣል፤ ፓምፕ የሚያጠፋው በዚህ ንባብ ከሆነ ውኃው ይፈስሳል። ክዳኑ ላይ አጭር የቱቦ አንገት አቁማችሁ ዓይኑን ከሚሞላበት ልክ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

ድምፁ የሚሄደው እየሰፋ ነው። ወደ ውኃው ሲወርድ የማስገቢያ ቱቦው ወይም የግድግዳው እጥፋት ቀድሞ ከመለሰለት ያንን ነው የሚቆጥረው፤ ውኃው ሲወርድ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከማስገቢያው ተቃራኒ በኩል፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ ግጠሙት። ትንሽ ከዘመመ ድምፁ ከውኃው ነጥሮ ወደ ሌላ ይሄዳል። ውኃ እየገባ እያለ ደግሞ ላዩ ስለሚናወጥ 7 ጊዜ በየ60 ሚሊ ሰከንዱ ለኩና በመጠን ደርድራችሁ መካከለኛውን ውሰዱ፤ አማካዩን አይደለም። አንድ የተሳሳተ 400 አማካዩን ያበላሻል፣ መካከለኛውን አይነካም። የመጠበቂያ ጊዜውንም 30 ሚሊ ሰከንድ ብላችሁ ወስኑት፤ ካልወሰናችሁት አርዱዊኖው ያልተመለሰ ድምፅ ሲጠብቅ ሙሉ ሰከንድ ይቆማል።

ኢኤስፒ32 ወይም ኢኤስፒ8266 ከሆነ የኢኮ እግር 5 ቮልት ስለሚያወጣ በቀጥታ አታስገቡ። ከኢኮ ወደ ፒኑ 1 ኪሎ ኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም፤ 3.3 ቮልት ይደርሳል። ለጊዜው ሳይቃጠል ይሠራ ይሆናል፣ ብዙዎችም «የእኔ ሠርቷል» ይላሉ፤ የሁለት ሬዚስተር ዋጋ ግን ከሰሌዳው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሰሌዳውን ማማው ላይ አስቀምጣችሁ ንባቡን በዋይፋይ ወደ ቤት መላክ፣ 15 ሜትር የሴንሰር ሽቦ ከመጎተት ይሻላል።

ፓምፕ ማጥፋት ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ይህን ሁሉ ተዉትና ባለ ተንሳፋፊ ማብሪያ ግጠሙ። ወይም ከሮቶው ውጭ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ካፓሲቲቭ ሴንሰር፣ ኤልጄሲ18ኤ3 የሚባለውን፤ ቀጭን ፕላስቲክ አልፎ ውኃውን ያውቀዋል። የሮቶው ግድግዳ ወፍራም ከሆነ ግን እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው አቅሙ፣ በተግባር ከዚያም ያነሰ፤ ዝናብ ግድግዳውን ሲያረጥበውም «ሞላ» ይላል። ቡናማው ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ምልክት ነው፤ ከ6 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ በ5 ቮልት ዝም ቢላችሁ አይግረማችሁ። በሁሉም መንገድ አሠራሩ ሽቦ ሲበጠስ ፓምፑ የሚቆምበት ይሁን እንጂ የሚቀጥልበት አይሁን። እነዚያ ሰማያዊ ባለ 10 አምፒር ሪሌዎች (በትንሽ ምልክት የሚታዘዙ ማብሪያዎች) ደግሞ ለፓምፕ አይበቁም፦ አንድ የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሄድ 5 ወይም 6 አምፒር ቢስብም ሲነሳ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ መገናኛው ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ ማጥፋት የለም። ሪሌው ኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ያስነሳ፣ ኮንታክተሩ ሞተሩን።

የቀሩት

ጥንድ ጥቁርና ነጭ ኤልኢዲ ያላት፣ ኤልኤም393 የሚባል ቺፕ ያረፈባት ትንሿ የእንቅፋት ሴንሰር ለቤት ውስጥ ሮቦት ናት፤ ፀሐይ ላይ ምንም አትሆንም፣ ጥቁር ነገርንም አታይም። በሌዘር የምትለካዋ ቪኤል53ኤል0ኤክስ እስከ 2 ሜትር በሚሊ ሜትር ትናገራለች፣ ቤት ውስጥ እወዳታለሁ፤ ውጭ በፀሐይ ርቀቷ ያጥራል፣ ውኃ ላይ ደግሞ የምትልከው ብርሃን ወይ ይዋጣል ወይ እንደ መስታወት ወደ ሌላ ይነጥራል፤ ለሮቶ አትሞክሯት። አዲስ ስትገዙ ፊቷ ላይ ያለችውን ስስ መከላከያ ላጡ። አርሲደብሊውኤል-0516 በራዳር ስለሚሠራ ከእንጨት በርና ከፕላስቲክ ሳጥን ኋላ ሆኖ ያያል፤ ፀሐይና ሙቀት አይነኩትም። ቆርቆሮ ግን ግንቡ ነው፤ ከቆርቆሮ አጥር ወዲህ ሆኖ ወዲያ አያይም። ይህ ለዳር ሰፈር ግቢ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ መንገደኛውን ትቶ ግቢ የገባውን ብቻ ይቆጥራል። በጣሪያ ጠርዝ የሚወርድ የዝናብ ውኃ ግን ያነቃዋል።

ዕቃ ለመለማመድ ምን አለሽ ተራ የሚሸጥ አሮጌ ፕሪንተር ጥሩ ምንጭ ነው፤ ውስጡ ወረቀት መኖሩን የሚያዩ የብርሃን መቁረጫ ሴንሰሮች፣ ጥሩ ሽቦዎችና ባለ 24 ቮልት ሞተሮች አሉ። የመቁረጫው ኤልኢዲ በኩል በ5 ቮልት 220 ኦም፣ በተቀባዩ በኩል 10 ኪሎ ኦም ይበቃዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሳትሰቅሉ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ሰክታችሁ እዩት። ብዙዎቹ የሪሌ ሰሌዳዎች ምልክቱ ዝቅ ሲል ነው የሚያበሩት፤ ፒኑን መውጫ ከማድረጋችሁ በፊት «ከፍ» ካላላችሁት መብራት በመጣ ቁጥር ሪሌው አንዴ ቀጭ ይላል፣ ፓምፑም ይነሳል። ፓወር ባንክ ላይ የምትተማመኑ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ሲወጣባቸው «ማንም የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አንድ አርዱዊኖና አንድ ሴንሰር አይበቋቸውም።

ሳጥኑን በሲሊኮን ስትደፍኑ ሽቦው ከታች ይግባ፣ ወደ ሳጥኑ ከመድረሱ በፊትም ወደ ታች ዞር ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። ሳጥኑ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተዉለት፤ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ሳጥን ውስጡ ያላበው ውኃ መውጫ የለውም። ቀዳዳው ላይ ግን የወንፊት ሽቦ አድርጉበት፤ ሸረሪት ገብታ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ፊት ስትሄድ ሰው እንዳለፈ ልትቆጠር ትችላለች።